በጋሽ ወርዶፋ ራስ ላይ

ጋሽ ወርዶፋ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ እንደጀመሩ፣ የሙሉነሽ ልጅ ሔርሜላ ቤት ውስጥ የምታሳድገው እንቁራሪት ከሶፋው መደገፊያ ዘሎ በራሰ በራቸው ላይ ጉብ አለ። ሙሉነሽ ከኋላቸው ቆማ አየችው። ጥፋቱ የራሷ ነበር። በሚኖሩበት ባሕር ማዶ፣ በ2006ቱ በረዶ ሰሞን ሂተሩ ቤቱን እያሞቀ ስለሚያደርቀው፣ በእንቁራሪቱ የመስታወት ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ ውሃ ትረጫለች። ያን ቀን የጸሎት እንግዶች በሩን ሲያንኳኩ ክዳኑን ሳትገጥም ሮጠች።

ሔርሜላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሚጸልዩት ሰዎች ክብ ማዶ፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እጇን ይዘዋት፣ "ማሚ፣ ፕሊስ! ደርቆ ይሞታል" አለች በሹክሹክታ። "በደረቅ እጅ ግን ኖ! ስኪኑ ይጎዳል።"

የጋሽ ወርዶፋ ጸሎት ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ሙሉነሽ እንቁራሪቱን አንድም ቀን ነክታው አታውቅም፤ ውሃ ስትረጭለት እንኳ ፊቷን አዙራ ነው። አሁን ግን ለሽማግሌው ከቀረበው ብርጭቆ ውስጥ እጇን ነከረችና፣ ትንፋሿን ውጣ እንቁራሪቱን እዚያው ራሳቸው ላይ ሸፈነችው።

ጸሎቱ ተቋረጠ።

"እጅ የጫነብኝ ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ፣ ሙሉነሽ።"

"ተባረኪ ልጄ! ልብ የሚያሳርፍ ቅዝቃዜ ተሰማኝ። እስክጨርስ እጅሽን እንዳታነሺ።"

ከዚያ ለአፍሪካ መሪዎች በየተራ መጸለይ ጀመሩ። ከመዳፏ ሥር ትንሽ ልብ ድው ድው ይላል። ሙሉነሽም ቤቱን ከሞላው ሰው ሁሉ አብልጣ ከልቧ ጸለየች፤ እንቁራሪቱ እንዳይጮህ።