«ይገባል» ወይስ «አለበት»

የአዲሱ የጥራት አመራር ደረጃ መጽደቂያ እንደገና ተራዘመ። ፋብሪካውም ሆስፒታሉም ሥራውን በምን ሥርዓት እንደሚመራ የሚደነግግ፣ አገሮች ሁሉ የሚስማሙበት ሰነድ ነው። ነባሩ ካረጀ ቆይቷል። ክለሳውን የሚመሩት የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ወራት አልፈዋል። የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ሰነዱ ጸድቆ ማየት። ልጃቸውም ይህን ሳታሳያቸው ልትቀብራቸው አልፈለገችም።

ወሬውን ይዞ የመጣው እንደ ወትሮው ምክትላቸው ነው። ስልክ እያለ ራሱ ይመጣል። እናት ወንበር ስበው አስቀመጡት። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ተከለችበት።

«አሁን ደግሞ ምን ተገኘ?» አሉ አባት።

«አንቀጽ ስምንት ላይ ያለችው ‹ይገባል› ናት፣ ጋሼ። ግዴታ ትሁን ምክር አልለየላትም። ‹አለበት› ትባል ብዬ ተቃውሞ አስገብቻለሁ።»

«አንተው ራስህ?» ሰውየው ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ምክር ናት እንጂ! ይሄን ማን ያጣዋል? መነጽሬን አምጡ!»

ያን ቀን ሲጽፉና ሲሰርዙ ዋሉ። ፊታቸው ወዛ አለ። ራታቸውን ማንም ሳይለምናቸው በሉ፤ ምክትሉንም እየበሉ ሰደቡት።

ልጅቷ ወጥ ቤት ገባች። «ሰውየው አባዬን ሊገድለው ነው። እስኪሞት ጠብቆ ሰነዱ ላይ የራሱን ስም ብቻ ሊያስጽፍ!»

«ተይ ልጄ፣ ሰው አትሚ» አሉ እናት ሳህን እያጠቡ። ቀና ብለው አላዩዋትም።

እናቷ የዋህ ናቸው ብላ ተናደደች። ምክትሉን በር ድረስ ሲሸኙት እንኳ እጁን ይዘው አይለቁትም።

በማግስቱ ኮሚቴው ቢሮ ሄደች። ዋና ጸሐፊዋ አልደበቁዋትም። «ሁሉም አገር ተስማምቷል። የቀረው የምክትሉ ተቃውሞ ብቻ ነው። ለነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ስብሰባ ያስጠራናል፤ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ።»

ምክትሉን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

«ተቃውሞህን ታነሳለህ ወይስ ጉድህን ላውጣው?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለ።

«ጊዜ የሌለው አባቴ ነው!»

ከየቢሮው ሰው ብቅ ብቅ አለ። ምክትሉ ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባክሽ፣ መጀመሪያ እናትሽን አነጋግሪ።»

«የእናቴን ስም እንዳትጠራ!»

ዋና ጸሐፊዋ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። የልጅቷን እንባ አዩ፣ ምክትሉን አዩ፣ ትዕግሥታቸው አለቀ። «በቃ! ተቃውሞው ውድቅ ነው። ዛሬውኑ ይጸድቃል።»

ልጅቷ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ምክትሉ «ቆይ! አንዴ ስሚኝ!» እያለ ከኋላዋ ወረደ። የታክሲውን በር ፊቱ ላይ ዘጋችበት። መንገዱን ሁሉ ሳልደርስበት ቢሞትስ ብላ ሹፌሩን አጣደፈችው።

ደረሰችባቸው። እናቷን አልፋ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች።

«አባዬ፣ ጸደቀ!»

ሰውየው ትክ ብለው አዩዋት። «በእውነት?»

«በእውነት። ሁሉም አልቋል።»

«ተመስገን» አሉ። እጇን ስበው ሳሙትና ፈገግ አሉ። «በይ መጋረጃውን ዝጊልኝ። እንግዲህ ልረፍ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዲህ ዘና ብለው አይታቸው አታውቅም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ስትወጣ እናቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለዋል። ከስልኩ ውስጥ የምክትሉ ድምፅ ይሰማል።

«ነገርኩት እማዬ!» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

«ምነው ልጄ… አባትሽ ‹ይቺ ሥራ ሳታልቅ አልሞትም› ብሎ ቢምልልኝ እኮ ነው፣ እባክህ አታስጨርሰው ብዬ ምክትሉ እግር ላይ የወደቅኩት።»