ጢጥ ጢጥ

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ከምሳ በኋላ ሴት ልጁ በገዛችለት የጆይስቲክ መሪ ኮምፒውተር ላይ የጦር አውሮፕላን ጌም ይጫወታል። ሚስቱ "አንተ እኮ መሪ ካልጨበጥክ የበላኸው አይፈጭልህም!" እያለች ትስቅበታለች።

በጌሙ ውስጥ የሚፈራው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ጠላት ሲያነጣጥርበት አውሮፕላኑ "ጢጥ፣ ጢጥ" ይላል። ሚሳይል ሲተኮስበት ግን ድምፁ መቆራረጡን ትቶ አንድ ወጥ ጩኸት ይሆናል። ያኔ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ማምለጥ ነው።

ዛሬ ጢጥ ጢጡ ጀመረ። ራዳሩን ቢያይ ሰማዩ ባዶ ነው። "ደግሞ ምን አመጣብኝ?" ብሎ ጌሙን ዘጋ። ድምፁ ቀጠለ። የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ፤ ኮምፒውተሩንም ከሶኬቱ ነቀለ። ድምፁ አሁንም አለ።

"ጆሮዬ ነው፤ ዕድሜ ነው" ብሎ ራሱን አጽናንቶ ውሃ ሊጠጣ ወደ ኩሽና ገባ።

ሚስቱ ሳህን ከምታጥብበት ቀና አለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው እሱ የሚጮኸው?"

"አንቺም ይሰማሻል?"

"እንዴት አይሰማኝ! አንተ ስትጠጋኝ እኮ ነው የባሰበት።"

እጇን አደራርቃ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አደረገች። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ድምፁ መቆራረጡን ተወ።

የሹፌሩ ቀኝ እጅ ባዶ አየር ጨብጦ ወደ ግራ ጠመዘዘ።