ጉበቱን ማን በላው?

...በሩን በእርግጫ ብሎ ገባ።

እጁ ላይ ከልኳንዳው ይዞት የወጣው የአጥንት መጥረቢያ አለ። ሽርጡ ላይ ያለው የበሬ ደም ገና አልደረቀም።

«የአባቴን ጉበት የት ነው የምታደርሺው?» አላት እንጀራ እናቱን።

ሴትዮዋ ድስት እያጠበች ነበር... ዞር ከማለቷ መጥረቢያው የምግብ ጠረጴዛውን ለሁለት ከፈለው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሰውየው ሥጋ ቆራጭ ነው። አባቱ ከጥቂት ወራት ወዲህ ፊታቸው ገርጥቷል... ከአልጋ ተነስተው በር እስኪደርሱ ያለከልካሉ... በጠራራ ፀሐይ ይበርዳቸዋል።

ጎረቤቱ ሁሉ «እርጅና ነው» አለ። እሱ ግን ደም ማነስ ነው ብሎ ደመደመ። የደም ማነስ መድኃኒቱ ደግሞ ጉበት ነው ብሎ በየቀኑ ምርጥ ምርጡን ይልክላቸዋል።

እውነቱን እንነጋገር፣ እኛም ብንሆን ይኸንኑ ነበር የምናደርገው።

ጉበቱ በሄደ ቁጥር ግን አባትየው ይብሱን ገረጡ።

ታዲያ ማን በላው? እንጀራ እናት ናታ... ሌላ ማን ይሆናል? እሷን ለመወንጀል እኮ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም።

ሴትዮዋ አባቱ ፊቷ ቁጭ ብለው ጉበቱን እንደሚበሉት ነገረችው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን በስልክ ነግራው፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው ብላ ለምናው እንደነበርም አስታወሰችው። ያኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስልኩን ዘግቶባታል።

አሁንም አልሰማትም። ደሙ ፈልቷል።

ክንዷን ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ቋ... የሚል ድምፅ ተሰማ።

አጥንት ሲሰበር እንዴት እንደሚጮህ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን አላቆመም። ፀጉሯን ጨብጦ ወለሉ ላይ ጣላት።

አባትየው ጩኸቱን ሰምተው ግድግዳ ይዘው ከመኝታ ክፍል ወጡ። «ተው አንተ...» ብለው ሳይጨርሱ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ግንባራቸው ተፈነከተ።

ሐኪም ቤት ደም ተሰጣቸው። በአፋቸው ካሜራ አስገብተው ጨጓራቸውን አዩት።

ሐኪሟ ልጅየውን ጠርታ ጨጓራቸው ቆስሎ ቀስ እያለ ሲደማ እንደከረመ ነገረችው። ሰገራቸውን ያጠቆረው የገዛ ደማቸው ነው። ጉበቱንማ በልተውታል... ግን ቀዳዳ ባልዲ ውኃ ቢጨምሩበት መቼ ይሞላል?

«የጉልበት ሕመም ማስታገሻ በባዶ ሆዳቸው ሲውጡ ነው የከረሙት» አለችው። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማነው የሚያመጣላቸው?»

ሥጋ ቆራጩ አንገቱን ደፋ።

እሱ ነው።

አባቱ ጉልበቴን ባሉ ቁጥር እየሮጠ የሚገዛላቸው እሱ ነው። ሲያደማቸው የከረመው የራሱ ፍቅር ነበር...

አባትየው ሲነቁ የሚስታቸውን ክንድ በጀሶ ታስሮ አዩና ምን እንደሆነች ጠየቁ። አፏን ሳትከፍት ልጁ ቀደማት።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ጠጋ በል አሉት። ጠጋ አለ።

ሰሞኑን ማንኪያ ማንሳት አቅቶት የነበረው እጅ ተነስቶ ፊቱ ላይ አረፈ። ጥፊው ኮሪደር ላይ ለተቀመጡት ሁሉ ተሰማ። የተሰጣቸው ደም ሥራ የጀመረው በዚህ ነው።

ልጁ እያለቀሰ የእንጀራ እናቱ እግር ላይ ተደፋ። እሷ እግሯን ሰበሰበች።

«አባትህን መጥተህ እይ፣ አልከለክልህም» አለችው። «እኔን ግን ዳግመኛ ቀና ብለህ እንዳታየኝ።»

ወዳጆቼ... የአዛውንት ድካም ሁሉ እርጅና አይደለም። ገርጥተው፣ እያለከለኩ፣ እያዞራቸው ከሆነ አስመርምሯቸው። ደም አንሷቸዋል ከተባላችሁም «ለምን አነሰ? የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደግሞ ለነገ አትበሉ።

ሰው ላይ እጅ ከማንሳት በፊትም መስማት ይቀድማል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ?

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ... ለአባትየው ስትሉ ያንን በር ትከፍቱለት ነበር ወይስ ፖሊስ ትጠሩበት ነበር?

ኮሜንት ላይ የልባችሁን ጻፉ፤ እኔ ራሴ መፍረድ አቅቶኛል።