በምን ወለድሽ?

ዶክተሯ ባልና ሚስቱን አዲስ አበባ ለላብራቶሪ ፅንስ ሕክምና የምትልክበትን የሪፈር ወረቀት እየሞላች ቀና አለችና፣ «የመጀመሪያ ልጅሽን በምን ወለድሽ?» ብላ ሴትዮዋን ጠየቀቻት። «በሚኒባስ!» አለ ባልዋ ቀድሞ። «እኔ ጉባ ግድቡ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከሸርቆሌ አሶሳ ስትመጣ ሾፌሩ መንገድ ላይ አዋለዳት።» ይህን ወሬ በሰባት ዓመት ውስጥ ያልነገረው ሰው አሶሳ ውስጥ አልነበረም።

ዶክተሯ ሳቋን ዋጠች። «በምጥ ነው ወይስ በኦፕራሲዮን ማለቴ ነው። ማህፀኗ ላይ የኦፕራሲዮን ጠባሳ ካለ ፅንሱ ለመያዝ ሊያስቸግር ይችላል። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ፅንሱን ከማስገባታቸው በፊት ማወቅ አለባቸው።» ሚስቱ እጇን ከእምብርቷ በታች ቀሚሷ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም አላነሳችውም። ሁለተኛ ልጅ ከፈለገች የመጀመሪያውን ውሸት መተው ነበረባት። «በኦፕራሲዮን» አለች።

«ሚኒባስ ውስጥ?» አለ ባልዋ።

«ሆስፒታል ነዋ! ሾፌሩ በር ድረስ ነው ያደረሰኝ። እናትህ ‹ማማጥ አቃታት› እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው የዋሸሁት።»

«ጠባሳውን ትርፍ አንጀት ነው አላልሽኝም?»

«ትርፍ አንጀቴማ አለ።»

ዶክተሯ «ኦፕራሲዮን» ብላ ጻፈችና ነገሩን ለማብረድ፣ «ለመሆኑ ልጁ ማን ይባላል?» አለች።

ባልየው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ኢዘዲን» አለ። «የሾፌሩን ስም ነው ያወጣሁለት።»