ጣዕም የሚበላው አቤቱታ

ወይንሸት በትንሿ ድረ ገጿ አንባቢዎቿን ብትለምን ብትማጸን፣ የሰፈሩ ምንጭ እንዳይሸጥ ለማዘጋጃ ቤቱ የአቤቱታ ኢሜይል የላከላት አንድም ሰው አልተገኘም። ሽያጩ ነገ ነው። ግን ማን ይፈርድባቸዋል? አዲሱ ሕግ፣ አቤቱታውን ማሽን እንዳልጻፈው ማረጋገጫ ብሎ፣ የላኪውን የምላስ ጣዕም ለዘለዓለም ይወስዳል። እሷ የራሷን አቤቱታ ከላከች ወዲህ ወጥ የሚቀምስላት ባሏ መርዕድ ነው። በጨው ጉዳይ ደግሞ ምሕረት አያውቅም።

«እስቲ ሽሮውን ቅመስልኝ» አለችው።

«ልክ ነው።»

ቀና ስትል አዲሱ የጨው ከረጢት እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። ለካ ጨው የሚባል ነገር አልጨመረችም!

«አንተ! መቼ ላክኸው?»

መርዕድ ማንኪያውን ደግሞ ላሰ።

«ጠዋት። አንድ ሰው እንኳ ይስማሽ ብዬ።»