የልምምዱ ድምፅ

አዋላጅ ነርሷ የማዋለጃ ክፍሉ እንዳይዘጋ በሆስፒታሉ ቦርድ ፊት የምታቀርበውን ንግግር በቃሏ እስክትወጣው ድረስ በባዶው ሳሎን ተለማመደች፤ በስልኳም ቀዳችው። ታላቅ እህቷ ከገበያ ስትመለስ አብረው አዳመጡት።

«በዚህ አነጋገርሽ ግድግዳውም ያምጣል» ብላ እህቷ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው። «ማነው የሚያስለው? ብቻሽን አልነበርሽም እንዴ?»

«ብቻዬን ነበርኩ፣ እትዬ።»

በቅጂው ላይ ከሳሉ በኋላ ወንበር ሲጢጥ አለ። አንድ የአዛውንት ድምፅ «ያዟት» አለ፤ ከባድ ነገርም ወደቀ። የመጨረሻዋ ልመና ሳትነገር ቅጂው በዝምታ አለቀ።

«እኔ እኮ ጨርሼዋለሁ» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ንግግሯ ሰመረላት፤ የቦርዱ አባላት ጆሯቸውን ሰጧት። ድንገት ከመካከላቸው አንድ ሰው ሳለ። ሳሉን አወቀችው። የቀረውን ሁሉ ዘላ ወደ መጨረሻዋ ልመና ተጣደፈች።

«እባካችሁ፣ ይህ ክፍል...»

ወንበር ሲጢጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ያዟት» አሉ።

ነርሷ ግን ገና ቀጥ ብላ እንደቆመች ነበረች።