የሞተር ማሠሪያውን ብር በቤቲንግ የተበላው የባጃጅ ሹፌር

«ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ።»

ቢያዝን የባጃጁን ቁልፍ አስቀመጠ።

«አሁን ድገመው። ጮክ ብለህ።»

«እትዬ... ለሞተር ማሠሪያ የሰጡኝን ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር... በቤቲንግ ተበላሁት።»

እትዬ የትነበርሽ ጎንደር አራዳ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ባጃጁም የእሳቸው ነው።

ሰፈሩ ምላሳቸውን ይፈራል። ጨርቅ ሲለኩ ጣት የማይጨምሩ፣ በዋጋ አምስት ብር የማይለቁ ሴት ናቸው።

ቢያዝን ደግሞ የድብ ባሕር ልጅ ነው። ጎንደር ከገባ ስድስት ዓመቱ... ፅዮን የምትባል ሚስትና ገና ድክ ድክ የምትል ሴት ልጅ አሉት።

ከቤቲንግ፣ ከኳስ ውርርዱ፣ ወጥቶ ነበር እኮ! አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ አንድም ትኬት አልቆረጠም።

ታዲያ አንድ እሁድ... ፒያሳ ተራ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ... «ለዛሬ ብቻ» አለ።

በሁለት መቶ ብር ስድስት ሺህ በላ!

የገደለው ያ ነው። ያን ዕለት ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ተናዶ ይተወው ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የወጣለት ዕቁብ ሄደ... ከሦስት ሹፌሮች የተበደረው ሄደ... በመጨረሻ የሞተሩ ብር ተከተለ።

እትዬ «ሞተሩ ተሠራ?» ብለው ሲጠይቁት «ተሠርቷል፣ ሸጋ ሆኗል» አላቸው።

ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ጠራት።

«ፅዮን፣ እኔ መተማ ልሂድ። ሥራ አለ ይባላል።»

ፅዮን ትኩር ብላ አየችው።

«ሥራ ፍለጋ ነው... ሽሽት?»

ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ እያንዳንዱን ሰው በስሙ፣ እያንዳንዱን ብር በቁጥሩ።

ፅዮን ልጇን አዘለችና...

«ተነሥ» አለችው።

«ወዴት?»

«ከሚያስፈራው እንጀምር።»

እንዲህ ነው እትዬ የትነበርሽ ሱቅ የመጡት።

እትዬ ቁልፉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቢያዝን «አሁን ፖሊስ ሊጠሩ ነው» ብሎ ጠበቀ።

«አንተ ድንጋይ ራስ! ነገ ባጃጁ ጋራዥ ይገባል። ወጪው ካለብህ ላይ ይደመራል። አንዲት ብር አልተውልህም!»

«እሺ እትዬ።»

«ገቢው በየቀኑ ለፅዮን ይሰጣል። የምትከፍለው እሷ ናት። ያንን ስልክህን ሽጠህ ኢንተርኔት የሌለው ግዛ።»

«እሺ...»

«ያበደሩህ ሹፌሮች ጋ ደግሞ ዛሬውኑ አብረን ሄደን ትነግራቸዋለህ። ፅዮን፣ እስቲ ልጅቷን አውርጃት እኔ ልያዛት... ወገብሽ ተቆረጠ እኮ!»

ሄዱ።

አንዱ ሹፌር ሰደበው። አንዱ «ቀስ ብለህ ክፈል» አለው። ሦስተኛው ወልደኢየሱስ ግን ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ... «እኔም ቤቲንግ ውስጥ ነኝ፣ ለሚስትህ እንዴት ብለህ ነገርካት?» አለው።

ሰባት ወር አለፈ። ዕዳው ጎደለ። ፅዮን ከፋይ፣ እሱ ነጂ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ትልቅ የኳስ ጨዋታ ነበር። ከተማው የሚያወራው ስለሱ ብቻ ነው።

ቢያዝን ባጃጁን አቁሞ እትዬ ሱቅ ገባ።

«ምነው ልጄ? ፊትህ ጠቁሯል።»

«እትዬ... ዛሬ እጄን በላኝ። ኪሴ ውስጥ አምስት መቶ ብር አለ። የትም ብሄድ እግሬ ወደ ቤቲንግ ቤቱ ነው።»

አልጮኹበትም። ዱካ ሳቡለት።

«ቁጭ በል። ያንን የጨርቅ ጣቃ ያዝልኝ።»

እሱ ይዘረጋል፣ እሳቸው ይለካሉ... አንድ ሰዓት ሄደ።

«እትዬ... ያኔ ለምን አላሳሰሩኝም? ዋሽቼዎት ነበር እኮ።»

እትዬ መቀሱን አስቀመጡ።

«መዋሸትህን ከመምጣትህ አንድ ቀን ቀድሞ የጋራዡ መካኒክ ነግሮኝ ነበር። በማግስቱ ባትመጣ ኖሮ ፖሊስ ጋ ነበርኩ።»

«ታዲያ?»

«ሰፈሩ ባሏ የሞተባት ይለኛል አይደል? ባሌ ዳኛው አልሞተም። እኔ እስከማውቀው አልሞተም።»

ቢያዝን ደነገጠ።

«በብር ካርታ ይጫወት ነበር። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት 'ደባርቅ ደርሼ ልመለስ' ብሎ ወጣ... በዚያው ቀረ። አበዳሪዎቹ በሬን ሲያንኳኩ ነው የገባኝ።»

«...ከፈሉለት?»

«ከፈልኩ! አራት ዓመት ፈጀብኝ፣ ግን ጨረስኩት። እሱ ግን ዕዳው ማለቁን አያውቅም ልጄ። ዛሬም የትም አገር ሆኖ ከዚያ ዕዳ የሚሸሽ ይመስለኛል።»

መቀሱን መልሰው አነሡ።

«ብሩ አይደለም ያቃጠለኝ። ቢነግረኝ ኖሮ... ሰድቤ፣ ሰድቤ፣ ሰድቤ... ራቱን እሰጠው ነበር።»

ቢያዝን አንገቱን ደፋ።

«አንተ ግን መጣህ። ስድቤን እያወቅህ መጣህ። ለዚህ ነው ያላሳሰርኩህ።»

ውጭ ጩኸት ተሰማ፤ የሆነ ቡድን አገባ። ቢያዝን ወደ በሩ እንኳ አልዞረም... የጣቃውን ጫፍ ይዞ ሱቁ እስኪዘጋ ቁጭ አለ።

አምስት መቶውን ማታ ለፅዮን ሰጣት።

ዕዳው ገና አላለቀም ወዳጆቼ፤ የሚቀረው አለ። ቢያዝንም «ዳንኩ» ብሎ አይፎክርም። እጁን ሲበላው የሚሄድበት ሱቅ ግን አለው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት... ዕዳ በዓመትም በአራት ዓመትም ይከፈላል። አፍሮ የጠፋ ሰው ግን በምንም ብር አይመለስም። የተበደራችሁ፣ ከመሸሻችሁ በፊት ተናገሩ። የምትሰሙም፣ ስደቡ ግን በሩን አትዝጉ።

እስቲ በሐቅ ንገሩኝ... የምትወዱት ሰው ዛሬ መጥቶ «እንደገና ተበላሁ» ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? 👇